ለእማማ ፊት የሚበቃ ፍላሽ

በመጀመሪያው ፊልማችን ላይ የወጣው ግማሽ ሰው ነው። አባባ በወንበራቸው ተቀምጠዋል፤ ግራ ትከሻቸውና ግራ ጉንጫቸው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ከአፍንጫቸው ወዲያ ያለው ግን በቢላ የተቆረጠ ይመስል ጥቁር ነው። በሁለተኛው ፊልም ሰዎቹ ሙሉ ሆነው ወጡ፤ ነጠላቸው እንጂ ፊታቸው አይታይም። ለሦስተኛው ፊልም ሳንቲም ስንቆጥር "አንድ ፍላሽ መምረጥ ይኼን ያህል ከባድ ነው እንዴ?" ተባባልን። ከባድስ አይደለም። ግን ማንም ያልነገረን ነገር ነበር፤ ስናውቀውም አንድ የማይመለስ ነገር አስከፍሎን ነው። እናንተ እንዳትከፍሉት ብለን ይህን ጻፍን።

እኛ ሦስት ነን። ሦስታችንም የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ነን፤ ሦስታችንም ከየቤታችን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ የመጀመሪያዎቹ ነን። ሃክሻራችንን የሠራነው በአንድ የአዛውንቶች ሙዓዶን ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። እዚያ ከሚመጡት ብዙዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፤ ሌሎቹ በ1991 ከአዲስ አበባ። ቡና ይፈላል፣ ስፌት ይሰፋል፣ የመጣ ደብዳቤ ይነበባል። የእኛ ሥራ በአብዛኛው ደብዳቤውን ማንበብ ነበር።

አንድ ቀን ፎርም ስንሞላላቸው አንዲት እናት (ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው) ቴዑዳት ዜሁታቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ቁጥሩን ጽፈን ልንመልስላቸው ስንል እጃችንን ያዙን።

"እስቲ ይቺን እዩልኝ፣ ልጆቼ። ፊቴ የታለ?"

አየን። ፎቶው ላይ ነጭ ሻሽ አለ፣ ከሥሩ ጥቁር ነገር አለ፣ ሁለት የዓይን ብልጭታ አለ። ሌላ ምንም የለም።

"ስሞት ልጆቼ ለቅሶ ላይ የሚያቆሙልኝ ፎቶ የለኝም። ይኼን ቢያቆሙት ለቀስተኛው 'ማነው የሞተው?' ብሎ ይጠይቃል" አሉና ሳቁ። አጠገባቸው የነበሩትም ሳቁ። ከዚያ ግን አንዱ ተነሥተው የራሳቸውን አሳዩን፣ ሌላዋም የራሳቸውን። ያን ቀን ፎርሙ ሳይሞላ ዋለ።

በስልክ አናነሳቸውም ወይ ትሉ ይሆናል። በልጅ ልጆቻቸው ስልክ ውስጥማ ፎቶ ሞልቷል። "እሱ ከስልኩ ጋር ይጠፋል" አሉን እማማ። የፈለጉት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የሚወረስ ፎቶ ነው። እንዳጋጣሚ ከእኛ የአንዳችን ጎረቤት፣ በ1990ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ሽማግሌ፣ ኪየቭ 60 የሚባል ካሜራ ሰጥተውን ነበር። በኪየቭ ከተማ የአርሴናል ፋብሪካ የሠራው ነው፤ እንደ ጡብ የከበደ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ ስድስት በስድስት ሳንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ፎቶ የሚያወጣ። በአንድ ፊልም 12 ፎቶ ብቻ። ሚዲየም ፎርማት የሚሉት ይህን ነው። የፊልሙ ስፋት ከተራው ፊልም ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ፎቶው ግድግዳ የሚያህል ቢሆን እንኳ የፊት መሥመር አይጠፋም። ለእማማ ፊት የሚሆን ካሜራ ነው አልን።

ሙዓዶኑ ውስጥ ግን ብርሃን የለም። አንድ መስኮት አለ፣ እሱም ወደ ግንብ የሚያይ፤ ጣሪያው ላይ ኒዮን አለ። የሌንሱን ቀዳዳ በጣም ከፍተን እንዳናነሳ፣ በሚዲየም ፎርማት ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል። ጠበብ አድርገን ፊቱ ሁሉ እንዲጠራ እንዳናደርግ፣ ካሜራው ሩብ ሰከንድ ያህል ክፍት መቆየት አለበት፤ በሩብ ሰከንድ ደግሞ የሽማግሌ እጅም የተማሪ እጅም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ፍላሽ የግድ ሆነ። እንዲያውም ሚዲየም ፎርማት ከትንሿ ካሜራ ይልቅ ጉልበት ያለው ፍላሽ ይፈልጋል፤ ቀዳዳውን ማጥበብ የሚቻለው ብርሃን ሲኖር ነውና።

ሦስታችን ከሚልጋችን ያዋጣነው 400 ሼኬል ነበር። ከዚያ ላይ ፊልምና እጥበት ግማሹን ይወስዳል። አንዳችን ቤት "ዩኒቨርሲቲ ልኬሽ ፎቶ አንሺ ሆንሽ?" ተብሏል፤ ስለዚህ ተጨማሪ መጠየቅ አይቻልም። ያፎ የድሮ ዕቃ ገበያ ወርደን ቪቪታር 283 የሚባል አሮጌ ፍላሽ በ80 ሼኬል ገዛን። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዛት የተሠራ ፍላሽ ነው፤ በአራት ተራ ባትሪ ይሠራል፣ ራሱን ወደ ጣሪያ ቀና ያደርጋል፣ ፊቱ ላይ ብርሃን የሚለካ ትንሽ ዓይን አለው። "አውቶማቲክ ነው፣ ራሱ ያስባል" አለን ሻጩ። ራሱ የሚያስብ ዕቃ በ80 ሼኬል አገኘን ብለን ደስ አለን።

የመጀመሪያው ስሕተት የፍላሹ አልነበረም፤ የእኛ ነው። ኪየቭ 60 ፊልሙ ፊት ለፊት ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ የጨርቅ መጋረጃ አለው። ፍጥነቱ 30 ላይ ሲሆን መጋረጃው ለአፍታ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ፍላሹ የሚበራውም ያኔ ነው። ከዚያ በላይ ሲፈጥን አንዱ መጋረጃ ሳይጨርስ ሌላው ይከተለዋል፤ ፊልሙ የሚያየው በጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። እኛ ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥ ብለን 60 ላይ አደረግነው። አባባ ግማሽ ሆነው የወጡት በዚህ ምክንያት ነው።

"ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናነሳቸዋለን" አልን። በሚቀጥለው ሳምንት አባባ ሆስፒታል ገቡ። በሦስተኛው ሳምንት ሺቭዓቸው ላይ ተቀመጥን። ልጃቸው "ሙዓዶን ውስጥ ፎቶ አንሥታችሁት ነበር አሉ" ብላ ስትጠይቀን ምን እንደምንመልስ አጣን። እንዲህ ሆኖ ተበላሽቷል ብለን ነገርናት። "አምጡልኝ" አለች። አመጣንላት። ግማሹን ፎቶ ብዙ ጊዜ አየችውና "ግማሹም እሱ ነው" አለች። እስከ ዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። እዚያ ቤት በሄድን ቁጥር ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ላለመቀመጥ እንሞክራለን።

ሁለተኛውን ፊልም ተጠንቅቀን፣ 30 ላይ አድርገን አነሣን። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ፍላሹን ፊት ለፊት ስንለቀው እማማ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ውኃ ሰጠናቸው። ቆይተው "በሱዳን መንገድ የምንሄደው ሌሊት ሌሊት ነበር" አሉ። "ክብሪት የጫረ ሰው ሁሉ ይቆጣው ነበር። ብርሃን ከመጣ ሽፍታ መጣ ነው፣ ወይ ወታደር።" ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ትራውማ ስንማር ቆይተን፣ በጨለማ የሸሸን ሰው ፊት ሳናስጠነቅቅ መብረቅ ለቀቅን።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ነጠላው የሽመናው ክር ሳይቀር ይታያል። ፊታቸው ግን ያው የቴዑዳት ዜሁቱ ፊት ነው። እኛው ራሳችን፣ የገዛ ልጆቻቸው፣ ያንኑ ፎቶ ደግመን አነሣንላቸው።

ፍላሹ ተበላሽቷል ብለን በደቡብ ቴል አቪቭ አንድ አሮጌ ካሜራ የሚጠግን ሰው ጋ ሄድን። ሰውዬው ፎቶዎቹን አይቶ ፍላሹን እንኳ አልከፈተውም። ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገና ፍላሹን ወደ ወረቀቱ ለቀቀው፤ ዝግጁ መሆኑን የምታሳየው መብራት ወዲያው ተመልሳ በራች። ቀጥሎ ጥቁር ካፖርቱን ከመስቀያው አውርዶ በዚያው ርቀት ላይ ለቀቀው፤ አሁን መብራቷ እስክትመለስ ብዙ ቆየን። "ገባችሁ?" አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፍላሹ ዓይን የሚለካው ተመልሶ የመጣለትን ብርሃን ነው። በቂ ተመለሰልኝ ሲል ያጠፋል፤ የተረፈውን ኃይል ለሚቀጥለው ያስቀምጣል። ነጭ ነገር ብርሃኑን ቶሎ ይመልስለታልና ቶሎ ያጠፋል። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ከአንገት እስከ እግር ነጭ ለብሰው ነው የሚመጡት፣ ይልቁንም ፎቶ እንደሚነሡ ሲያውቁ። ፍላሹ ነጠላውን ያያል፣ "በቃ" ይላል፣ ፊቱ ላይ ሳይደርስ ያበቃል። ክፋት የለበትም። የተሠራው ግን አንድ መካከለኛ ሰው በመካከለኛ ልብስ ይኖራል ተብሎ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የእኛ እናት አይደለችም።

ያን ማታ ይህን ስናነብ ሌላ ታሪክ አገኘን። በ1970 አሜሪካ ውስጥ የፖላሮይድ ሠራተኞች የነበሩት ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊሊያምስ፣ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች እንዲይዙ ይገደዱበት ለነበረው የይለፍ ደብተር የኩባንያቸው ዕቃ ፎቶ እንደሚያነሣ ሲያውቁ ተቃውሞ አስነሡ። ኩባንያው በ1977 የደቡብ አፍሪካ ሽያጩን አቋረጠ። ከዕቃዎቹ አንዱ አይዲ-2 ይባላል፤ ከበስተኋላው የፍላሹን ብርሃን የሚጨምር ቁልፍ አለው። ጥቁር ፊት በደንብ እንዲወጣ ብርሃን መጨመር እንደሚቻል ሰዎች ድሮም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ቁልፉም ነበረ። ያገለገለው ግን ሰውን ለመቆጣጠር ነው።

ይህን ለመድሪኻችን ስንነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን፦ "የእናንተስ ፎቶ ለማን ነው?" ለፕሮጀክታችን ነው? ለሲግድ ኤግዚቢሽን ነው? ወይስ ለእማማ ለቅሶ? ለመመለስ አንድ ሳምንት ፈጀብን። በመጨረሻ ኤግዚቢሽኑን ሰረዝነው። ፎቶውም ኔጋቲቩም የባለቤቱ ነው ብለን ተስማማን።

ከዚያ በኋላ አዲስ ፍላሽ ለመግዛት ተነሣን፤ ምርጫዎቹንም አየን። ሜትስ 45 የሚባለው የጀርመን ፍላሽ አለ፣ እንደ ዱላ በእጀታ የሚያዝ፤ ኃይለኛ ነው፣ ግን ከካሜራው ጋር ሲደመር ተሸካሚ ይፈልጋል። ዮንግኑኦ 560 የሚባለው የቻይና ፍላሽ አለ፤ አውቶማቲክ ነገር የለውም፣ ግን ኃይሉን ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያሉ በእጅ መቀነስ ይቻላል፤ የሽቦ መሰኪያም አለው። ልንገዛው ነበር። ጠጋኙ ሰውዬ ግን "ገንዘባችሁን ፊልም ግዙበት" አለን። የእኛው አሮጌ ፍላሽ አውቶማቲኩን ትቶ በሙሉ ኃይሉ ብቻ የሚሠራበት ቦታ አለው። ኤም የሚል ፊደል ነው፤ ወሩን ሙሉ አይተነው አልፈናል።

አሁን ስሌቱ። እያንዳንዱ ፍላሽ ጋይድ ነምበር የሚባል ቁጥር አለው። ቁጥሩን ከፍላሹ እስከ ሰውየው ባለው ርቀት ስታካፍሉት የሌንሱን ቀዳዳ ቁጥር ይሰጣችኋል። የእኛው በ100 ፊልም በሜትር 36 ነው። ፊልማችን 400 ስለሆነ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል፤ 72። ፍላሹን ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ነጩ ጣሪያ አቀናነው፤ ብርሃኑ ወደ ጣሪያ ወጥቶ ወደ ፊታቸው እስኪወርድ አራት ሜትር ገደማ ይሄዳል። 72 ለ4 ሲካፈል 18። ጣሪያው ከብርሃኑ ብዙ ይበላል፣ ሁለት ደረጃ ያህል፤ ስለዚህ 18 ወደ 9 ይወርዳል። በሌንሱ ላይ ለ9 የሚቀርበው 8 ነው። ለፊታቸው ብለን አንድ ደረጃ ከፈት አድርገን 5.6 አልን፤ ኔጋቲቭ ፊልም ብርሃን ሲበዛበት ይችላል፣ ሲያንስበት ነው የሚጨክነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ነጠላ የለም፣ የቆዳ ቀለም የለም፣ መካከለኛ ሰው የለም። ያለው ርቀት ብቻ ነው። ርቀቱን ለማወቅ ደግሞ ሜትር ይዞ ወደ ሰውየው መጠጋት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቀን ሳናነሣ በፊት ፍላሹን እማማ እጅ ላይ አስቀመጥነው። የመሞከሪያ ቁልፉን አሳየናቸው። "ሲፈልጉ እርስዎ ይጫኑት፤ ካልፈለጉም ይተዉት" አልናቸው። ወደ ጣሪያ ይዘው ተጫኑት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከፈቱ። ደገሙት። ሦስተኛ ጊዜ ጎረቤታቸው ላይ ለቀቁትና ሳቁ። አሮጌው ፍላሽ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እንደገና እስኪሞላ አሥር ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ይህን እንደ ጉድለት ነበር ያየነው። ግን በዚያች አሥር ሰከንድ ሰው ያወራል፣ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ፊቱ ወደ ራሱ ይመለሳል። ጥሩዎቹ ፎቶዎች ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው።

እንደ እኛ ፍላሽ ለመግዛት ለምታስቡ፣ የተማርነውን እንዲህ እናስቀምጠው። አንደኛ፣ ካሜራችሁን ዕወቁ። ኪየቭ 60 ከሆነ 30 ላይ ነው፤ እንደ ያሺካ ማት ወይም ማሚያ አርቢ67 መዝጊያው ሌንሱ ውስጥ ከሆነ ግን በፈለጋችሁት ፍጥነት ፍላሽ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ አሮጌ ካሜራዎች ፍላሹን የሚያገናኙት በሽቦ ነው፤ ፍላሹን ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦው መኖሩን አረጋግጡ። የቪቪታር 283 ሽቦ በፍላሹ በኩል ያለው መሰኪያ ለብቻው የተለየ ስለሆነ ሌላ አይገባበትም። ሦስተኛ፣ ራሱ ወደ ላይ የማይቀና ፍላሽ በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ። አራተኛ፣ አዲስ ፍላሽ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ብርሃኑ በጣም ጠቦ ሲሰበሰብ ያለው ነው። አምስተኛ፣ አሮጌ ፍላሽ ዲጂታል ካሜራ ላይ አትሰኩ፤ አንዳንዶቹ በመሰኪያቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ስላላቸው ካሜራውን ያቃጥሉታል። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የቆየ ከሆነ ባትሪ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ሙሉት፣ ልቀቁት፤ ቀስ በቀስ ይነቃል። አትክፈቱት ግን፤ ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ባትሪው ከወጣም በኋላ ሰው ይገድላል። ገንዘባችሁ ከፈቀደ እንደ ዮንግኑኦ ያለ፣ ኃይሉ በእጅ የሚቀነሰውን ግዙ፤ ለመማር ይቀልላል። ካልፈቀደ የእኛው ዓይነት ይበቃል።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ እማማ መነጽራቸውን ፈለጉ። ብዙ ዝም አሉ። አልወደዱትም ብለን ፈራን።

"እናቴን መሰልኩ" አሉ።

እናታቸው ሱዳን ውስጥ ነው የቀሩት። ፎቶ የላቸውም፣ አንድም። እማማ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ ግንባራቸውን በጣታቸው እያሳዩ፣ "ይኼ የእሷ ነው። ይኼም" እያሉ ለጎረቤታቸው ነገሩ። ከዚያ ወደኛ ዞረው ሁለት ተጨማሪ እንድናሳትም አዘዙን፤ አንዱ ለልጃቸው ቤት፣ አንዱ ጎንደር ላለችው እኅታቸው። "ለቅሶው ይቆየን፣ መጀመሪያ ለእሷ ላኩላት" አሉ።

እስካሁን 31 ሰው አንሥተናል፤ ተራ የሚጠብቁ አሉ። ካሜራው፣ ፍላሹና ሽቦው በማኅበራችን ክፍል ቁምሳጥን ውስጥ ናቸው። አያቱን ማንሣት የሚፈልግ ይጠይቀንና ይውሰድ፤ ስሌቱንም በወረቀት ጽፈን ፍላሹ ላይ ለጥፈናል። ባትሪ ግን ይዛችሁ ኑ። አራት ነው የሚፈልገው፣ እኛም ሚልጋችን እስኪገባ እየጠበቅን ነው።